ኩባያውን መልሱ

ጠጋ በሉማ፣ ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ውሃ ነው፤ በከተማ መሃል፣ በመንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚው ሳይከፍል ስለሚጠጣው ውሃ። ተረት አይደለም። ሰዎቹ የነበሩ ናቸው፤ መንገዶቹም ዛሬ ድረስ አሉ፣ በእግሬ ሄጄባቸዋለሁ። ዓመቶቹን የምቆጥረው ግን እንደ ፈረንጆቹ ነው።

አገሩ እንግሊዝ፣ ከተማው ለንደን፣ ዘመኑ 1854። ያን ጊዜ የለንደንን ውሃ የያዙት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። ለባለጠጋው ቤቱ ድረስ ይገባለታል። ለድሃው ግን አንድ ቧንቧ ለብዙ አባወራ ነው፤ እሱም በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ተከፍቶ ይዘጋል። እሁድ ጭራሹን የማይመጣበት ሰፈርም ነበር። ፈረቃ ማለት ነው እንግዲህ። ፈረቃን ደግሞ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሌሊት ቧንቧው ሲያፏጭ ሰምቶ ከአልጋው የዘለለ፣ በጨለማ ጀሪካን የደረደረ ሰው የእነዚያን ሰዎች ኑሮ ያውቀዋል።

ስለዚህ ብዙው ሕዝብ የሚጠጣው ከመንገድ ዳር የእጅ ፓምፕ ነበር። በሶሆ ሰፈር፣ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ የነበረው ፓምፕ ደግሞ በጣዕሙ የታወቀ ነው። ሌላ ፓምፕ ደጃቸው እያለ እሱን ብለው የሚመጡ ነበሩ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ከዚያ ሰፈር ለቅቃ ሃምፕስቴድ ወደሚባለው ራቅ ያለ ሰፈር ብትገባም፣ የብሮድ ስትሪት ውሃ ናፍቋት በየቀኑ በጠርሙስ፣ በጋሪ ታስመጣ ነበር።

በኦገስት 31 ሌሊት ኮሌራ ገባ። በሦስት ቀን ውስጥ በዚያች ጠባብ አካባቢ 127 ሰው አለቀ። በአሥር ቀን ከ500 በላይ። በማለዳ ጤነኛ የነበረ ሰው ማታ ሬሳው ይወጣል። ያቺ የሃምፕስቴዷ ሴትዮም ሞተች፤ በእሷ ሰፈር አንድም የኮሌራ በሽተኛ ሳይኖር። ልትጠይቃት መጥታ ከዚያው ጠርሙስ የጠጣችው የእህቷ ወይም የወንድሟ ልጅም ወደ ቤቷ፣ ወደ ኢዝሊንግተን ተመልሳ ሞተች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንላለን። ይህን አባባል ስሰማ ወንዝ ነበር የሚታየኝ። አሁን የሚታየኝ በጋሪ ተጭኖ የሚሄድ ጠርሙስ ነው።

ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ነበር። በዮርክ ከተማ ከድሃ የቀን ሠራተኛ የተወለደ፣ በትጋቱ ብቻ እዚያ የደረሰ ሰው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1853 ልጅ ስትወልድ ክሎሮፎርም የሰጣት እሱ ነው። በዚያ ዘመን የአብዛኞቹ ሊቃውንት እምነት ኮሌራ በመጥፎ ሽታ፣ በተበከለ አየር ይመጣል የሚል ነበር። ስኖው ግን «በውሃ ነው» ይላል። ሰሚ አልነበረውም። ወረርሽኙ ሲነሳ ቤት ለቤት ዞረ፤ ሟቹ ማነው፣ የሚጠጣው ከየት ነው እያለ ጠየቀ። ያገኘውን አንድ በአንድ በካርታ ላይ አሰፈረ። በዚያው መንገድ ያለ የቢራ ጠመቃ ውስጥ ከ70 የሚበልጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ውሃ የማይነኩ፣ ቢራቸውን የሚጠጡ፤ ከነሱ በኮሌራ የሞተ የለም። 535 ሰው የታጨቀበት የድሆች መጠለያ ውስጥ የሞተው 5 ብቻ ነው፤ የራሱ ጉድጓድ ነበረው። የጥይት ማቀጣጠያ የሚሠራው ፋብሪካ ደግሞ ለሠራተኞቹ ከፓምፑ በርሜል እያስሞላ ያቀርብ ነበር፤ ከዚያ 18 ሰው ሞተ።

በሴፕቴምበር 7 ማታ ስኖው የአጥቢያው ሹማምንት ስብሰባ ላይ ገብቶ ይህን ነገራቸው። ሙሉ በሙሉ አላመኑትም፤ ግን በማግስቱ የፓምፑን እጀታ አስወለቁት። ወረርሽኙ ቀድሞም እየበረደ እንደነበር ስኖው ራሱ ጽፏል፤ ያልሠራውን ሠራሁ ያላለ ሰው በመሆኑ ይበልጥ እወደዋለሁ።

መነሻውን ያገኘው ሄንሪ ዋይትሄድ የሚባል ወጣት ረዳት ቄስ ነው። ይህ ቄስ በመጀመሪያ የተነሳው ስኖውን ሊያስተባብል ነበር። ምእመናኑን አንድ በአንድ ያውቃቸዋልና በየቤቱ እየገባ ጠየቀ፤ በጠየቀ ቁጥርም እውነቱ ወደ ስኖው አዘነበለ። በቤት ቁጥር 40፣ ከፓምፑ አጠገብ፣ ሌሎቹ ከመታመማቸው በፊት አንዲት ጨቅላ በተቅማጥ ታማ ነበር። እናትዮዋ የልጇን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው የእዳሪ ጉድጓድ ትደፋዋለች። ተቆፍሮ ሲታይ የጉድጓዱ ግንብ በስብሷል፤ ከፓምፑ ጉድጓድ የሚለየውም አንድ ሜትር የማይሞላ አፈር ነው። እናት ልጇን እያስታመመች፣ ምንም ሳታውቅ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ከሊቃውንቱ ይልቅ ወደ እሷ ነው።

እጀታው ወለቀ። ጥሙስ? ጉድጓድ መዝጋት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ድንጋይ ተሸካሚው፣ ጋሪ ነጂው፣ መንገድ ጠራጊው፣ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ላይ የሚውለው ሰው ሲጠማው ያለው ምርጫ መጠጥ ቤት ገብቶ ቢራ ወይም ጂን መግዛት ሆነ። የቀን ገቢው ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ቤት የሚጠብቁት ልጆች ባዶ እጅ ይቀበሉታል።

በሊቨርፑል ይህን ያየ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ቻርልስ ፒየር ሜሊ ይባላል፣ አባቱ ከጄኔቫ የመጡ ናቸው። መርከብ የሚያራግፉት ወዛደሮች የሚጠጡት ውሃ እንደሌላቸው አይቶ ከ1854 ጀምሮ ወደቡ ላይ ቧንቧ ማቆም ጀመረ። ወሬው ለንደን ደረሰ። በለንደን የሰማው ደግሞ ሳሙኤል ገርኒ ነው፤ የፓርላማ አባል፣ ከባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ፣ በእምነቱ ኩዌከር። ጠበቃውን ኤድዋርድ ዌክፊልድን ይዞ በኤፕሪል 1859 አንድ ማኅበር አቋቋመ። ሥራው በከተማዋ መንገዶች ላይ ነፃ የመጠጥ ውሃ ማቆም ነው። ካወጡት ደንብ ውስጥ አንዱን ልብ በሉልኝ፤ ውሃው በማጣሪያ ወይም በሌላ ተገቢ መንገድ ፍጹም ንጹሕና ቀዝቃዛ መሆኑ ካልተረጋገጠ ማኅበሩ አንድም መጠጫ አያቆምም። ብሮድ ስትሪትን አልረሱም። ሕዝቡም አልረሳም። ከመንገድ ዳር ውሃ ጠጥቶ ጎረቤቱን የቀበረ ሰው እንደገና ከመንገድ ዳር እንዲጠጣ ማድረግ ቧንቧ ከመዘርጋት የከበደ ሥራ ነው።

ጆን ስኖው ይህን አላየም። በጁን 1858፣ ገና በ45 ዓመቱ፣ ሞቷል። የመጀመሪያው መጠጫ የቆመበት ኮረብታ ግን ስሙ ስኖው ሂል ነው። አጋጣሚ ነው፤ የኮረብታው ስም ከሐኪሙ በብዙ ይቀድማል። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ስሙን ለእሱ እሰጠዋለሁ።

በኤፕሪል 21 ቀን 1859፣ በቅዱስ ሴፐልከር ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ልጅ የመጀመሪያውን ጉንጭ ቀመሱ። ከማዶ የኒውጌት እስር ቤት ነበር። ያን ጊዜ ሰው በአደባባይ የሚሰቀለው በዚያ እስር ቤት ደጅ ነበር። የገርኒ አክስት ኤልዛቤት ፍራይ ደግሞ ከ1813 ጀምሮ እየገባች ሴት እስረኞችን የጠየቀችው፣ ልጆቻቸውን ያስተማረችው በዚያው በኒውጌት ነው። አክስትየዋ በውስጥ፣ የወንድሟ ልጅ በውጭ፣ መንገድ ተሻግሮ። በቀን እስከ 7,000 ሰው ከዚያች ቧንቧ ይጠጣ ነበር ይባላል። በስድስት ዓመት ውስጥ ማኅበሩ 85 አቆመ። በ1867 ደግሞ በስሙ ላይ የከብቶችን ገንዳ ጨመረ፤ ፈረሱም ቀንድ ከብቱም ይጠማዋልና ከግራናይት የተፈለፈሉ ረጃጅም ገንዳዎች በየመንገዱ ቆሙ። ዛሬ ብዙዎቹ አበባ ተተክሎባቸዋል።

ሁሉም መጠጫ እንዲያ ትሑት አልነበረም። በምሥራቅ ለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ በ1862 የቆመው ጉልላት ያለው፣ በእምነበረድ ያጌጠ ነው፤ ያሠሩት በጎ አድራጊዋ አንጀላ በርዴት ኩትስ ሲሆኑ ከ6,000 ፓውንድ በላይ ወጥቶበታል። ያምራል፣ አልክድም። በዚያ ገንዘብ ስንት ተራ ቧንቧ ይቆም ነበር ብዬ ግን ሳላስብ አላልፈውም።

የስኖው ሂሉን ላሳያችሁ። ትንሽ ናት። በብረቱ አጥር መሃል የግድግዳ ቅስት፣ ከሥሩ እንደ ዛጎል የተቀረጸ የድንጋይ ጎድጓዳ፣ ከጎንና ከጎን በሰንሰለት የታሰሩ ሁለት የብረት ኩባያዎች። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ «ኩባያውን መልሱ» ይላል። መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን ቆሜ ቀረሁ። አያቴ ከአጥሯ ደጃፍ እንስራ ታስቀምጥ ነበር፤ ገበያ ለሚወጣው፣ ለሚወርደው። ጣሳው በሲባጎ ከአጥሩ እንጨት ጋር ታስሯል። ልጅ ሆኜ፣ «እምዬ፣ ለምን ታስሪዋለሽ? ሌባ ፈርተሽ ነው?» አልኳት። «ምን ሌባ አለ፤ ከኋላ የሚመጣው በምን ይጠጣል ብዬ ነው» አለችኝ።

ታዲያ ያው ኩባያ ራሱ ጣጣ ሆነ። በሽታን የሚያመጡት ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን መሆናቸው ሲታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ኩባያ አስፈሪ ሆነ። በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት ሐኪም ሳሙኤል ክረምባይን፣ ባቡር ላይ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ሰዎች በጠጡበት ኩባያ ሕፃን ልጅ ሲጠጣ አይቶ በ1909 የጋራ ኩባያን አስከለከለ። በፓሪስ ሪቻርድ ዋላስ በ1872 ባቆማቸው አረንጓዴ መጠጫዎች ላይ የነበሩት ባለ ሰንሰለት ኩባያዎች እስከ 1952 ቆይተው ተነሱ። በኩባያው ምትክ ውሃው ወደ ላይ እንዲፈልቅ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በአፉ እንዲቀበል ተደረገ። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነበር የሚፈልቀው፤ አንዱ አፍ የነካው ውሃ መልሶ ቧንቧው አፍ ላይ ይወድቃል። ኋላ ገደድ አድርገውት፣ አፍ እንዳይነካው ከለላ ሠሩለት። ለአንድ ጉንጭ ውሃ ይህን ያህል ማሰብ የሚገባ ነው እላለሁ። ንጽሕናው የተረሳ መጠጫ ወጥመድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ሁሉም ቤት ቧንቧ ገባ፤ የመንገዱ መጠጫ ጠባቂ አጣ። ደረቀ፣ ተሰበረ፣ ቆሻሻ ተጣለበት። የፕላስቲክ ውሃ መጣ፤ መንገድ ላይ የተጠማ ሰው እንደገና ኪሱን መዳሰስ ጀመረ። በ2018 የለንደን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ከሥነ እንስሳት ማኅበር ጋር ሆኖ አዳዲስ መጠጫዎችን በከተማዋ መሃል ማቆም ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የቆመው የት ይመስላችኋል? በሶሆ፣ ኪንግሊ ኮርት፤ ከብሮድ ስትሪት ጥቂት እርምጃ።

ባለፈው በጋ ሄጄ ነበር። መንገዱ ዛሬ ስሙ ብሮድዊክ ስትሪት ተብሏል። ለመታሰቢያ የተሠራው ፓምፕ እጀታ የለውም፤ እንዲያው ሆን ተብሎ ነው። ወደ ኪንግሊ ኮርት ታጥፌ ስገባ አንድ ወጣት ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ ምግብ የሚያደርስበትን ትልቅ ቦርሳ ከጀርባው ሳያወርድ፣ ጠርሙሱን ይሞላል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ፊቱን ሳይ አወቅኩት፤ የእኛው ልጅ ነው። እሱም አወቀኝ።

«ደህና ዋሉ ማዘር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ውሃው ደህና ነው?»

«ቀዝቃዛ ነው። ይጠጡ እንጂ።»

«ዕቃ አልያዝኩም።»

ጠርሙሱን በብብቱ ይዞ ውሃውን ለቀቀልኝ። ሁለት እጄን አጣምሬ ተቀበልኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ልጇን በጋሪ ይዛ ቆማለች፤ ወጣቱ እጁን ከቧንቧው ላይ ሳያነሳ ጠበቃት።