ባለተራውና ባለቀበቶው

እስቲ ስሙኝ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1992፣ ከተማው ለንደን ነው። የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን አሜሪካዊው ሪዲክ ቦው ጋዜጠኞች ፊት ቆሟል። አረንጓዴውን የደብሊው ቢ ሲ ቀበቶ ብድግ አደረገና የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረው። ስንቱ ደሙን ያፈሰሰለትን ቀበቶ!

ገና ከወር በፊት ላስ ቬጋስ ላይ ኢቫንደር ሆሊፊልድን በነጥብ አሸንፎ የሦስቱን የቦክስ ማኅበራት፣ የደብሊው ቢ ሲን፣ የደብሊው ቢ ኤንና የአይ ቢ ኤፍን፣ ቀበቶዎች ጠቅልሎ ነበር። ደብሊው ቢ ሲ ግን ተራው የደረሰ ሰው ነበረው፤ ሌኖክስ ሉዊስ። የግዴታ ተጋጣሚ የሚባለው ይህ ነው። ሻምፒዮኑ ወደደም ጠላም በተቆረጠለት ጊዜ ይገጥመዋል፤ እምቢ ካለ ቀበቶው ይሄዳል። ሉዊስ ደግሞ ሬዘር ሩዶክን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ የመጣ ነው። በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜም ለካናዳ ተሰልፎ ይህንኑ ቦውን በሁለተኛው ዙር አሸንፎ ወርቁን ወስዶበታል። በገንዘቡ አልተስማሙም፤ ቦው ቀበቶውን ጣለ፤ ሉዊስ አንድ ቡጢ ሳይሰነዝር ሻምፒዮን ተባለ። ሁለቱ በፕሮፌሽናል መድረክ ሳይገናኙ ቀሩ።

እዚህ ላይ ፍርዴ ከሉዊስ ጋር ነው። የተራ ሕግ ባይኖር እንዲህ ያለውን አደገኛ ሰው ማን በፈቃዱ ይገጥመዋል?

ዓመታት አለፉ። ሉዊስ ቀበቶውን አጣ፣ መልሶም አገኘ። በማርች 1999 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የቀሩትን ሁለት ቀበቶዎች ከያዘው ከሆሊፊልድ ጋር ተፋጠጠ። አምስተኛውን ዙር ልብ በሉልኝ። ሉዊስ ሆሊፊልድን ገመዱ ላይ ለጥፎ በግራም በቀኝም ያወርድበታል፤ ሆሊፊልድ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ መከራውን ያያል። አንዷ ዳኛ ግን ያንን ዙር ለሆሊፊልድ ሰጡ! ውጤቱም አቻ ተባለ፤ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በኖቬምበር ላስ ቬጋስ ላይ እንደገና ተገናኙና ሦስቱም ዳኞች ለሉዊስ ፈረዱ። ዓለም ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ሻምፒዮን አገኘ።

ስንት ጊዜ የቆየ ይመስላችኋል? ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ሉዊስ ሽንፈት የማያውቀውን ማይክል ግራንትን ለመግጠም ሲዘጋጅ፣ የደብሊው ቢ ኤ ባለተራ ጆን ሩዊዝ ነው ተባለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ግራንትን ከገጠምክ ቀበቶው አይኖርህም አሉ። ሉዊስ በኤፕሪል 2000 ግራንትን ገጠመ፤ በሁለተኛው ዙር ዘረረው፤ የደብሊው ቢ ኤ ቀበቶም ሄደ። ለባዶው ቀበቶ ሩዊዝና ማን ተጋጠሙ? ሆሊፊልድ፣ ሉዊስ አሸንፎ ቀበቶውን የነጠቀው ሆሊፊልድ! እሱም አሸነፈና እንደገና ሻምፒዮን ተባለ። በተራ ሕግ ወደ ላይ የወጣው ሉዊስ በዚያው ሕግ ተጎዳ።

ከዚያ በኋላ 24 ዓመት ሙሉ የከባድ ሚዛን አንድ ንጉሥ አጣ። የደብሊው ቢ ኦ ተጨምሮም ቀበቶዎቹ አራት ሆኑ። በሜይ 2024 ሪያድ ላይ ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ታይሰን ፉሪን በዘጠነኛው ዙር እያንገዳገደ ገመድ ላይ ጣለው፤ ዳኛው ቆጠሩ፤ በመጨረሻም በነጥብ አሸንፎ አራቱንም ጠቀለለ። ወር ከምናምን ቆይቶ የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ ለቀቀ። ከፉሪ ጋር የመልስ ግጥሚያ ውል ነበረበት፤ አይ ቢ ኤፍ ደግሞ ባለተራዬን ግጠም አለ። ቀበቶው ለዳንኤል ዱቦዋ ተሰጠ። ኡሲክ በጁላይ 2025 ዌምብሌይ ላይ ዱቦዋን በአምስተኛው ዙር ዘርሮ አስመለሰው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደግሞ የደብሊው ቢ ኦን ለቀቀ።

ባለተራ ይከበር፤ ያለ እሱ ሻምፒዮን የሚፈልገውን ደካማ ብቻ እየመረጠ ይኖራል። ሁሉንም በክንዱ የጠቀለለ ሰው ግን ከመድረኩ ሳይወርድ ቀበቶው ሊጠየቅ አይገባም። አራቱ ማኅበራት ተቀምጠው አንድ የጋራ ተራ ያውጡ፤ ለእንዲህ ያለው ሻምፒዮንም ቢያንስ አንድ ዓመት ይስጡት።