ከታሚ ሠረገላ፦ ስለ አንድ አዲስ ስምና ስለ ትርጓሜው

በአሜሪካና በአውሮፓ አገሮች፣ መኝታው፣ ማብሰያውና መታጠቢያው በውስጡ ተሰናድቶለት፣ አንዱ በራሱ ሞተር፣ አንዱም በሌላ መኪና እየተሳበ ለሽርሽር የሚጓዝ ተሽከርካሪ አለ፤ አሜሪካኖች በሁለት ፊደል አሳጥረው «አርቪ» ሲሉት፣ እንግሊዞች የሚሳበውን «ካራቫን» ይሉታል። የቤት ኪራይ የከበደባቸው ብዙ ሰዎች ግን ያገለገለውን በርካሽ ገዝተው፣ ለጉዞ ሳይሆን በአንድ ስፍራ አቁመው፣ ለዘለቄታው ማኅደራቸው ያደርጉታል። ለዚህ ዐይነቱ መኖሪያ «ከታሚ ሠረገላ» የሚለውን ስም አቀርባለሁ።

ሠረገላ ከግእዝ የወረስነው፣ ጃንደረባው ትንቢተ ኢሳይያስን ተቀምጦበት ሲያነብ የምናውቀው ቃል ስለ ሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ከታሚ ያልሁት ግን ከተመ ከሚለው ግሥ ነው፤ ይኸውም ተጓዥ የነበረው ድንኳኑን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነው። በቀድሞ ነገሥታት ዘመን ከተማ የሚባለው ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሰፈረበት የድንኳን ሰፈር ነበር፤ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በሰማይ ብርሃን ታየበት በተባለው ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን በዚያው ስላሳለፉ፣ ሰፈሩ ደብረ ብርሃን ሆኖ ቀረ። የመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማም ይህንኑ ቃል በስሟ ይዛለች።

«ተንቀሳቃሽ ቤት» የሚለውን ትርጉም የማልቀበለው ገዢውን ስለሚያሳስት ነው። መንቀሳቀሱን የሚያስብ ሰው ሞተሩን ሲያስነሣና የሄደበትን ኪሎ ሜትር ሲቈጥር ይውላል፤ ሊኖርበት የሚገዛ ግን ጣሪያው ላይ ወጥቶ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መመርመር፣ በመስኮቶቹ ዙሪያ የውሃ እድፍ መኖሩን ማየት፣ ወለሉንም በእግሩ እየረገጠ የሚሰረጉደውን መፈለግ ይገባዋል፤ በጣሪያው ስንጥቅ የገባ ዝናብ በግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ከዐይን ተሰውሮ ያበሰብሰዋልና፣ ይህን የማደሻው ወጪ አንዳንድ ጊዜ ከመግዣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ብርዱ ነው። የጓሳን ደጋ የሚያውቅ የመንዝ ሰው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚያደርግ አይጠይቀኝም፤ አባቶቹ ወፍራም የድንጋይ ግንብ የሠሩት፣ ከዚያው ከጓሳ ያጨዱትንም ሣር ደርበው ደራርበው የከደኑት ስለዚህ ነው። የሠረገላው ግድግዳ ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሥሩም ነፋስ ስለሚገባበት ቧንቧው በሌሊት በርዶ ይፈነዳል፤ የሰው ትንፋሽም በቀዝቃዛው መስኮት ላይ ውሃ ሆኖ ይወርድና ሻጋታን ይወልዳል። እንዲህ ያለውን ቤት በመንዝ ከተሞች፣ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ላይ ሊያቆም የሚያስብ ቢኖር፣ ሥሩን በድንጋይ ይክበብ፣ ግድግዳውንም በውስጥ ይደርብ እላለሁ። ለሙቀት ብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ እንዳያስገባ ግን እለምነዋለሁ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ በጠባብና በተዘጋ ክፍል የተኛውን ሳያነቃ ይገድላል።

የሕጉም ነገር ከስሙ ይከተላል። ሠረገላው ተሽከርካሪ ነውና ሊብሬ አለው፤ የመሬት ይዞታ ካርታ ግን የለውም። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ከተፈቀደለት የሠረገላ ማቆሚያ ስፍራ ውጭ አቁሞ መኖርን ይከለክላሉ፤ በማቆሚያውም ለመሬቱ ኪራይ በየወሩ ይከፈላል። በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ስላደረገ፣ ሠረገላ መግዛት የሚቆምበትን ስፍራ መያዝ አይደለም። ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ለሻጩ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት፣ ሠረገላው የሚከትምበትን መሬት ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበል።