የቡናው ዳገት

ቡሬ ሲባል ብዙዎቻችሁ የጎጃሙ ቡሬ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ግን ስለ ኢሉባቦሩ ቡሬ ነው። ከመቱ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚያመራው መንገድ፣ ወደ ቆላው ቁልቁል ከመውረዱ በፊት የሚያልፍባት ከተማ ናት።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይዘልቁ ነበር። ጨውና ጨርቅ አራግፈው፣ ቡና፣ ቆዳና ሰም ጭነው ይመለሳሉ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንግድ በጥልቀት ካጠኑት የታሪክ ምሁራን አንዱ ናቸው።

ታዲያ ያ ቡና መርከቡ ዘንድ የሚደርሰው በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ነበር። እስቲ ያንን ጉዞ በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ዝናቡ አላባራም፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል። ሲራራ ነጋዴው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት በቅሎዋን ያቆማል፤ ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይንሸራተት መጫኛውን ደግሞ ያጠብቃል። ከዚያ ጉዞ ወደ ቆላ።

በዚያ ዘመን የሚመዘነውም የሚቀረጠውም ቡናው ነበር፤ በፈረሱላ ይመዘናል፣ ዋጋ ይወጣለታል። ቡናውን የሰጠው ደን ግን ከማንም መዝገብ አልገባም።

አድማጮቻችን፣ ደኑ ከመዝገብ የገባው ብዙ ቆይቶ ነው። ከመቱ በስተምሥራቅ የያዩ ደን አለ። ቀረሮው ከላይ ሰማዩን ይሸፍናል፤ ዋንዛና ሰሳ ከሥሩ ጥላ ይዘረጋሉ፤ ከጥላው ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል። ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያርገፈገፈ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ድኩላው ከታች ተሸሽጎ ይግጣል። ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ በጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚህ ደንና በዱር ቡናው ላይ ነው። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተር ታደሰ በለንደን ከሚገኘው የኪው የዕፅዋት መናፈሻ ተመራማሪ ከአሮን ዴቪስና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ከባድ ጥያቄ አነሱ፤ ምድር ስትሞቅ የዱር ቡና ምን ይሆናል? መልሱ ያስደነግጣል። በጥናቱ ስሌት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2080 ድረስ ለዱር ቡና ከሚስማሙት ቦታዎች ቢያንስ 65 ከመቶው ተስማሚነታቸውን ያጣሉ። በከፋው ግምት ደግሞ ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ይጠፋሉ። ይህም የደን ጭፍጨፋው ሳይታሰብ፣ የአየር ንብረቱ ለውጥ ብቻ ተሰልቶ ነው።

ሙቀት ሲጨምር ቡናው የለመደውን ቅዝቃዜ የሚያገኘው ሽቅብ ነው። 1000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳልና። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ደግሞ የሀገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። እንግዲህ ያን ጊዜ በበቅሎ ጀርባ ቁልቁል የወረደው ቡና፣ ዛሬ ዳገቱን መውጣት ግድ ሆኖበታል።

ግን ቡና እግር የለውም። ታዲያ ማን ያወጣዋል? የተተከለውን ቡና ገበሬው ችግኙን ይዞለት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናትም፣ የቡና እርሻ ወደሚስማማው ቦታ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ፣ ለቡና የሚመቸው መሬት ቢያንስ 4 እጥፍ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። የዱሩን ቡና የሚሸከሙለት ግን የዱር እንስሳት ናቸው። ወፎች፣ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች ቀዩን ፍሬ ይበሉና ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። የዱር ቡና በቅሎዎች እነሱ ናቸው። በቅሎ ደግሞ ያለ መንገድ አይሄድም፤ የእነሱ መንገድ ያልተቆራረጠ ደን ነው። ከቆላው ጫፍ እስከ ደጋው የተያያዘ ዛፍ ከሌለ ጦጣዋም ዘሩም መሐል ላይ ይቀራሉ።

ከመቱ አጠገብ በሚያልፈው በሶር ወንዝ ውስጥ ደግሞ፣ ፍጥረት ለመለወጥ ጊዜ እንደሚያስፈልጋት የሚያሳይ ሌላ ምስክር አለ። የሩሲያና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋራ ከሚባለው የዓሣ ወገን ስድስት ዓይነት መልክ ያላቸውን በአንድ ወንዝ ውስጥ አግኝተዋል። የዚህ ወገን ዓሦች በአብዛኛው ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቁ የሚኖሩ ናቸው። በሶር ግን ከንፈረ ወፍራም አለ፣ አፈ ሰፊ አለ፣ ሌላ ዓሣ አድኖ የሚበላም አለ። ፍጥረት ከአካባቢዋ ጋር መለወጥ ታውቅበታለች፤ ነገር ግን ትውልድ በትውልድ እየተተካ፣ በዝግታ ነው። ደን ተመንጥሮ በአንድ ክረምት ጎርፍ የወረደ ደለል ግን ያንን ድንጋይ ከነአልጌው ይሸፍነዋል፤ ለዓሣው የመለወጫ ጊዜ አይሰጠውም።

አድማጮቻችን፣ ከቡሬ በላይም ሆነ በታች ያላችሁ ሁሉ፣ በተዳፋቱ ላይ የቀረችውን እያንዳንዷን የደን ሰርጥ እንደ መንገድ ተመልከቷት። አያቶቻችን የሲራራውን መንገድ ዘግተው ቡናው ጋምቤላ ይደርሳል ብለው አልጠበቁም። እኛም የጦጣዋን መንገድ ቆርጠን ቡናው ዳገቱን ይወጣል ብለን አንጠብቅ።