ቀብድ

ቀብድ ገዢ ውሉን ለማሰር አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1885 እንደሚደነግገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የቃሉ ክብደት ያለው በዚህ እጥፍ ላይ ነው።

ከቻይና በኢንተርኔት ዕቃ የሚያዝዙ ነጋዴዎቻችን ብዙ ጊዜ 30 በመቶ ቀድመው ይልካሉ፣ ቀሪውን 70 በመቶ ዕቃው ሲዘጋጅ ይከፍላሉ። ይህንንም ቀብድ ይሉታል። የቻይና ፍትሐ ብሔር ሕግም እጥፍ ያስመልሳል፤ ነገር ግን ከዋጋው 20 በመቶ በላይ ያለውን እንደ ቀብድ አይቆጥርም፣ በውሉ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ብቻ ከተባለ ደግሞ እጥፉ የለም። ስለዚህ ስያሜው በጽሑፍ ይስፈር።

ሕጉ ግን የሚጠቅመው የሚከሰስ ሻጭ ሲኖር ነው። አጭበርባሪ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ላኩ ይላል፤ አለዚያም የእውነተኛውን ሻጭ ኢሜይል ሰብሮ «ባንካችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ በኢሜይሉ አትመልሱ፤ ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሂሳቡ በሻጩ የንግድ ፈቃድ ላይ ባለው የድርጅት ስም ካልሆነ፣ እባካችሁ አንድ ዶላርም አትላኩ።