ክፉ ወሬ የሰሙ ልጆችና ትምህርት ቤታቸው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦር አለቆች ሥራ ብቻ መስሎ ይታይህ ይሆናል። እኔ የምነግርህ ግን በሻሸመኔ በአንዲት ክፍል ውስጥ የሆነውን ነው።

ድምፃዊው ሀጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ በከተማችን ቤቶች፣ ሱቆችና ሆቴሎች ተቃጠሉ፤ ሰውም ሞተ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በእነዚያ ቀናት በልዩ ልዩ የኦሮሚያ ቦታዎች 123 ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። ጎረቤቱን በቤቱ የሸሸገም ብዙ ነበር፤ ይህን መርሳት በደል ነው። ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ስለ ቆየ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ እያደገ ሄደ። ልጆችም ተኝተዋል ሲባሉ ነቅተው ሰሙት።

ትምህርት ቤቶች በኮሮና በሽታ ምክንያት ከመጋቢት ጀምረው ተዘግተው ነበርና፣ ልጆቹ ከዚያ ጥፋት በኋላ በክፍል የተገናኙት በ2013 ዓ.ም. ነው። እኔም የ2ኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ። ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን በጭምብል ሸፍነን ገባን። አንድ ልጅ፣ ለመሮጥ እንዲመቸው ይመስለኛል፣ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም አለ።

«ቲቸር፣ እነዚያ ሰዎች ዛሬም ይመጣሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

ፈጥኜ «ከቶ አይመጡም» አልሁት።

«በምን ያውቃሉ?»

የምመልሰው አጣሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሎንዶን በቦምብ ስትደበደብ፣ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም በ1933 ዓ.ም. የሕፃናት ማቆያ ከፍተው ነበር። ያስተዋሉትንም ጽፈዋል፦ ከእናቱ ጋር ሆኖ ድብደባውን ያለፈ ሕፃን፣ ለደኅንነቱ ተብሎ ከእናቱ ከተለየው ይልቅ ብዙ ጊዜ ተረጋግቶ ይገኛል፤ እናቲቱ በፍርሃት ስትርድ ግን ልጁም አብሮ ይርዳል። ይህን ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። በዚያ ጠዋት ፊቴ ተሸፍኖ ስለ ነበር ልጁ ሊመረምር የሚችለው ዓይኔንና ድምፄን ብቻ ነበር፤ ድምፄም ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግሥቱ ቃሌን አነሣሁ። «ትናንት የማላውቀውን ነው የነገርሁህ» አልሁት። የማውቀውንም ለክፍሉ ሁሉ በአማርኛና በኦሮምኛ ነገርሁ፦ ጥበቃው የማያውቁትን ሰው እንደማያስገቡ፣ አንድ ነገር ቢሰማ በየትኛው በር እንደምንወጣ፣ ወላጅ እስኪመጣ ድረስ እኔ ከአንዳቸውም እንደማልለይ። ከዚያም ስም ጠራሁ። ስም መጥራት ቀድሞ ለእኔ አሰልቺ ሥራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን «አቤት» የሚለውን እያንዳንዱን ልጅ ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም። ሥዕል ሲስሉ ብዙዎቹ እሳት ሣሉ፤ ደምስሱት አላልሁም፤ የማን ቤት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው እንጂ። አንዳንዱ ነገረኝ፤ አንዳንዱም ዝም አለ።

ያ ልጅ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። አንድ ጠዋት ከጓደኛው እርሳስ ሊዋስ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ዋለ። ቦርሳውን ግን በበሩ ሥር ትቶት ነበር።