የጃማይካ ዘፋኞችና የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች

የጃማይካ ሬጌና ዳንስሆል ዘፋኞች ከታላላቅ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ጋር መዋዋላቸው ሲነገር፣ ብዙ ሰው ነገሩን እንግዳ ወደ ባዕድ ቤት እንደ መግባቱ ይቆጥረዋል። ታሪኩን ለሚመረምር ግን ጉዳዩ የዝምድና ነው። የሂፕ ሆፕ አባት የሚባለው ዲጄ ኩል ኸርክ የተወለደው በኪንግስተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ፣ በብሮንክስ፣ እኅቱ ባሰናዳችው ጭፈራ ላይ ሸክላ ያጫወተውም እርሱ ነበር። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው ዘፋኙ ለምን ገባ ተብሎ ሳይሆን ከማን ጋር ገባ ተብሎ ነው።

ውሉ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው ዘፋኙ ለብቻው የሚዋዋልበት ነው። ሻባ ራንክስ በኤፒክ ኩባንያ ሥር በ1992 እና በ1993 የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ ኤለፋንት ማንም በ2008 ባድ ቦይ በተባለው የሂፕ ሆፕ ኩባንያ ስም አልበም አወጣ። ክብሩ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ክብር ነው።

ሁለተኛው ያሳደገው ቤት አብሮ የሚዋዋልበት ነው። ቪፒ የተባለውን አሳታሚ በኒውዮርክ ያቋቋሙት፣ ቀድሞ በኪንግስተን ሸክላ ይሸጡ የነበሩት ቪንሰንትና ፓትሪሻ ቺን ናቸው። ይህ ቤት በ2002 ከአትላንቲክ ኩባንያ ጋር በሽርክና መሥራት ጀመረ። በ2003 የሾን ፖል ዘፈን በቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የዌይን ወንደርና የዚሁ የኤለፋንት ማን አልበሞችም በዚያው በር አለፉ።

በጥቂት ምሳሌ ሕግ አይቆምም። ቢሆንም ዘፋኙ ለብቻው ሲገባ በሩ ከኋላው ሊዘጋ ይችላል፤ ቤቱ አብሮ ሲገባ ግን ለተከታዮቹም ክፍት ሆኖ ይቆያል።