የአቴቴ የስድብ ዘፈን

የአቴቴ የስድብ ዘፈን በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ አንዲት ሴት ስትበደል ያገቡ ሴቶች ተሰብስበው በበዳዩ ደጅ የሚያዜሙት የፌዝና የወቀሳ ዜማ ነው። አቴቴ በሚባለው የሴቶች የዕርቅ ሥርዓት ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ክፍል ሲሆን፣ በዳዩ ይቅርታ ጠይቆ ካሣ ሲከፍል ስድቡ ቀርቶ ምርቃት ይተካዋል። ሥርዓቱ በስምጥ ሸለቆው ከዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ዙሪያ አንሥቶ እስከ አርሲና ባሌ ደጋዎች ድረስ ይታወቃል። የዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ መቂ የምትገኘው በዚሁ ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው።

አቴቴ የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ከወሊድና ከመራባት ጋር በተያያዘ እምነት ነው። ሴቶች ዝናብና ልጅ የሚለምኑበት አቴቴም አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ሴቶች ፍትሕ የሚጠይቁበትን ነው።

ሲንቄና ወዩ

ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት። የምትቆረጠው ሀሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ነው። ለመምቻ አታገለግልም፤ ያገባች ሴት ክብርና መብት ምልክት ናት። ከበትሯ ጀርባ ያለው ሐሳብ «ወዩ» ይባላል፦ የተከበረ፣ የማይደፈር፣ ቢደፈር መዘዝ የሚያመጣ ማለት ነው። እናት ወዩ ናት፤ አማትም እንዲሁ። በተለይ ከወለደች በኋላ በግንባሯ ላይ «ቀነፋ» የተባለውን ምልክት ያሰረች ሴት ወዩ ስለሆነች፣ እርሷን መምታት ወይም መሳደብ እንደ ከባድ ጥፋት ይቆጠራል።

ይህ ክብር ግን ከሥልጣን ጋር አንድ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት በትውልድ የሚመደበው ወንዶችን ሲሆን፣ የገዳ ሹመትም የወንዶች ነው። በደርግ ዘመን ለ10 ዓመታት ያህል የታሠረችው ጋዜጠኛ፣ በኋላም በካናዳ የማኅበራዊ ሥራ መምህር የሆነችው ማርታ ኩዌ ኩምሳ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ሲንቄን የተረጎመችው ሴቶች ከገዳ ውጪ ሆነው የወንዶችን ሥልጣን የሚገድቡበት ተቋም አድርጋ ነው።

የዘፈኑ አካሄድ

የተበደለችው ሴት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ያገባች ሴት ሁሉ የያዘችውን ሥራ ትታ፣ ሲንቄዋን አንሥታ መውጣት አለባት። ምጣድ ላይ ያለ እንጀራም ሆነ ያልታለበች ላም ምክንያት አይሆንም። ባል ሚስቱን «አትሄጂም» ብሎ መከልከል አይችልም፤ በዚህ ጉዳይ ትእዛዙ አይሠራም።

ሴቶቹ በበዳዩ ደጅ ተሰብስበው ዘፈኑን ይጀምራሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ግጥሙ ለዚያ ሰው ተብሎ እዚያው የሚፈጠር ስለሆነ ዋናው ችሎታ ጥፋቱን ሰው ከሚስቅበት ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ሰውየው ስሙ ይነሣል፣ ያደረገው ይዘረዘራል፣ ወንድነቱና ጨዋነቱ መሳቂያ ይሆናል።

የዘፈኑን ክብደት ለመረዳት «ለጉ» የተባለውን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ልማድ መሠረት ያገባች ኦሮሞ ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙን የሚመስሉ ቃላትን እንኳ በሌላ ቃል እየተካች ትናገራለች። እንዲህ ምላሷን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት በአቴቴ ቀን አንድን አባወራ በገዛ ደጁ፣ በጎረቤቶቹ ፊት የምታብጠለጥለው። ሰውየው መልሶ ሊሳደብ አይችልም፤ ሲንቄ የያዙትን ሴቶች መንካት ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ጥፋት ነው።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ይገባሉ። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ብዙ ጊዜ ጊደር ይሰጣል፤ ሴቶቹም ዜማቸውን ለውጠው ይመርቁታል። እንቢ ካለ እርግማን ይከተለዋል ተብሎ ይፈራል። ጉዳዩ ካልተፈታ ሴቶቹ ቤታቸውን ትተው በጅምላ ከአካባቢው ሊወጡ ይችላሉ፤ ይህ «ጎዳንሳ ሲንቄ» ይባላል። ሴቶቹ ሲወጡ ወንዶቹ ከልጆቹ፣ ከከብቶቹና ከምድጃው ጋር ይቀራሉ። አቤቱታው ቶሎ የሚሰማውም ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሳቅና የሥልጣን ደረጃ

በተለመደው ኑሮ ፌዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። የማኅበራዊ ጥናት ምሁር ሮዝ ኮዘር በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ በአንድ የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስብሰባዎች ላይ የተነገሩ ቀልዶችን ቆጥራ ነበር፦ ከ103ቱ 99ኙን የተናገሩት ወንዶች ነበሩ። ቀልድ የማያውቁ ሆነው አይደለም፤ በስብሰባው ላይ የሴቶቹ ድርሻ መሳቅ ነበር።

በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብም የሴቶች ፌዝ የራሱ መውጫ አለው። በሠርግ ቀን የሙሽራዋ ወገን ልጃገረዶች በር ዘግተው ሙሽራውንና ሚዜዎቹን በዘፈን ይተርባሉ፤ ነገር ግን ፈቃዱ የአንድ ቀን ነው፣ ተተራቢውም አብሮ ይስቃል። በወፍጮ ላይ የሚዜመው እንጉርጉሮ በባልና በአማት ላይ የሚሰነዘር አሽሙር ቢኖረውም ስም አይጠራም። አቴቴን ከሁለቱም የሚለየው ስም መጥራቱና ዕዳ ማስከፈሉ ነው።

የቅርብ አቻው የሚገኘው በናይጄሪያ ነው። የኢግቦ ሴቶች «ወንድ ላይ መቀመጥ» በሚሉት ልማድ ሚስቱን የበደለ ሰው ደጅ ላይ ሌሊቱን ሲዘፍኑና ሲዘብቱበት ያድሩ ነበር። በ1929 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ዘዴ በቅኝ ገዥው መንግሥት ሹማምንት ላይ ሲጠቀሙበት የእንግሊዝ ወታደሮች ተኩሰው ከ50 የሚበልጡ ሴቶችን ገደሉ። ወታደሮቹ ልማዱን ስለማያውቁ ያዩት ሁከት ብቻ ነበር።

የአቴቴም ገደብ ይኸው ነው፤ የሚሠራው ተሰዳቢው የሚያፍርበት ጎረቤት ሲኖረው ነው። በተጨማሪም ሥርዓቱ ያገባችን ሴት ስለሚጠብቅ ሲንቄ የሌላት ልጃገረድ በራሷ ስም ልትጠራው አትችልም። ምርቃቱም ሰውየውን ወደ አባወራነቱ ይመልሰዋል እንጂ ቦታውን አያሳጣውም።

በአሁኑ ጊዜ

እስልምናና ክርስትና ሲስፋፉ አቴቴ ከጥንቱ እምነት ጋር የተያያዘ ነው በሚል በብዙ ቦታ ተዳክሟል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን በአንቀጽ 564 ያነሣል፤ ስለዚህ የተበደለች ሴት ወደ ፖሊስና ፍርድ ቤትም መሄድ ትችላለች። ሆኖም ሥርዓቱ አልጠፋም። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሌይላ ቃሹ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በአርሲ አቴቴ በዘፈን የሚካሄድ ዳኝነት ሆኖ አሁንም እንደሚሠራ ጽፋለች። ሲንቄ ራሷ ደግሞ በኢሬቻ በዓል በሴቶች እጅ ትታያለች፤ በኦሮሚያ የብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረው ድርጅትም ወደ ባንክ ሲለወጥ ስሟን ወስዷል።